መቅደላን በእግር፦ ከተንታ ተነስቶ፣ አምባው ላይ አድሮ ለመመለስ

«መቅደላ እንዴት ይኬዳል?» የሚለው ጥያቄ መስከረም ሲጠባ አንድ ጊዜ፣ ሚያዝያ ሲቃረብ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይጎርፍልኛል። ለአንዱ በስልክ፣ ለሌላው በመልእክት ስመልስ ኖሬ፣ አሁን ሁሉንም እዚህ ላስቀምጠው። መመሪያው በደቡብ ወሎ ከተንታ ተነስቶ በእግር ወይም በበቅሎ ወደ አምባው ለሚገባ፣ አንድ ሌሊት አድሮ ለሚመለስ ሰው ነው። ከደላንታ በሽሎ ወንዝን ተሻግሮ የሚመጣው መንገድ ሌላ ዝግጅት ስለሚጠይቅ መጨረሻ ላይ በአጭሩ አነሳዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ምን እንደምታዩ እወቁ። ጎንደርን አይቶ መቅደላ የሚሄድ ሰው ግንብ ይጠብቃል፤ ግንብ የለም። የዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ አብዛኛው ቤት የሣር ክዳን ነበር፤ ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ከሞቱ ከጥቂት ቀን በኋላም የእንግሊዝ ጦር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንን ጨምሮ አቃጥሎት ሄዷል። የቀረው የድንጋይ መሠረት፣ የበር መግቢያ፣ ገደሉና ሴባስቶፖል የተባለው የንጉሡ መድፍ ነው። ቦታው የሚታየው ለሚያውቅ ዓይን ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ዝግጅት ግማሹ ለእግራችሁ፣ ግማሹ ለዓይናችሁ ነው።

ደረጃ 1፦ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣሩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ሌላውን ባያነብ ይሻለዋል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ባለፈው ወር የሄደ ሰው የነገራችሁ ለዚህ ሳምንት አይሠራም። ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ተንታ ወይም አጅባር (የተንታ ወረዳ ዋና ከተማ) ላለ ሰው ደውሉ፤ ደሴ ስትደርሱ ደግሞ መናኸሪያ ገብታችሁ ያን ቀን ከአጅባር የመጣ ሹፌር ጠይቁ። ሹፌሩ በጠዋት ያለፈበትን መንገድ ነው የሚነግራችሁ፤ ከእሱ የተሻለ ምንጭ የለም። ሁለቱ የሚሉት ካልገጠመ ደሴ እደሩ። «እስኪ እንሞክረው» ተብሎ የሚጀመር ጉዞ አይደለም። መንገዱ የማያስተማምን ከሆነ አምባው የትም አይሄድም፤ ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ደረጃ 2፦ ወቅቱን ምረጡ

ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ ያለው ጊዜ ይመረጣል። ሰማዩ ጥርት ስለሚል ከአምባው ጫፍ የበሽሎ ሸለቆ እስከ ማዶው ድረስ ይታያል፤ መንገዱም ደርቆ ይጠብቃችኋል። ቀኑ ደስ ይላል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው።

ወሎ በልግ እንዳለው አትርሱ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ከሰዓት በኋላ ድንገት ዶፍ ሊወርድ ይችላል። ለሚያዝያ 6 መታሰቢያ የሚሄዱ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ በጋ ነው ብለው ያለ ዝናብ ልብስ ይሄዳሉ። ክረምቱን ግን፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ፣ ጨርሶ ተዉት። ጥቁሩ ጭቃ ቁልቁለት ላይ ሲረጥብ በቅሎም አይቆምበት።

ደረጃ 3፦ ወደ ትክክለኛው ወረዳ ሂዱ፣ ደብዳቤ ያዙ

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። «መቅደላ» የሚባል ወረዳ አለ፤ ዋና ከተማው ማሻ ነው። ስሙን ከአምባው ያግኝ እንጂ እናንተ የምትሄዱበት አምባ የሚገኘው በተንታ ወረዳ ነው፤ የወረዳው ዋና ከተማ አጅባር ይባላል። አምባው ላይ ያለችው መንደርም ዛሬ አምባ ማርያም ትባላለች። መናኸሪያ ላይ «መቅደላ» ብቻ ካላችሁ በቅንነት ሌላ መኪና ላይ ሊያሳፍሯችሁ ይችላሉ። «አጅባር» ወይም «ተንታ» በሉ።

አጅባር ስትደርሱ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቁ። መታወቂያችሁንና ኮፒውን ያዙ፤ የውጭ ዜጋ ወይም ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከሆናችሁ ፓስፖርት። ደብዳቤው ለምን ያስፈልጋል? ቅርሱን የሚጠብቁት የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ የማያውቁትን ሰው ከነካሜራው ገደል ለገደል ሲዞር ቢያስቆሙት መብታቸው ነው። ደብዳቤ ይዛችሁ ስትመጡ ግን እንግዳ ትሆናላችሁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወይም በበዓል ዋዜማ አትድረሱ፤ ፈራሚው ከሌለ እስከ ሰኞ ትቀመጣላችሁ። እኔ አንድ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ቡና እየጠጣሁ ጠብቄአለሁ።

ደረጃ 4፦ መሪና በቅሎ ተነጋገሩ

መሪ የምትይዙት መንገዱ ስለሚጠፋባችሁ ብቻ አይደለም። ያለ መሪ የድንጋይ ክምር ነው የምታዩት፤ ከመሪ ጋር ግን የትኛው መሠረት፣ የትኛው የእርሻ ካብ እንደሆነ ትለያላችሁ። አምባው ላይ የተወለደ ወይም ዘመድ ያለው ሰው ምረጡ፤ ማደሪያችሁም በእሱ በኩል ይቀልላል።

በቅሎ ስትከራዩ ባለበቅሎው አብሮ እንዲሄድ አድርጉ። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት፣ ሁለት ሰው በተገኘበት ጨርሱ፦ ለስንት ቀን ነው? የመሪውና የባለበቅሎው ምግብ በማን ነው? የበቅሎዋ ገብስስ? መመለሻውን ይጨምራል? ጠብ የሚነሳው ሁልጊዜ ሳይጠየቅ ከቀረው ጥያቄ ነው።

ኮርቻውን ራሳችሁ እዩት። ከሥሩ ያለው ጨርቅ ተጨማዶ ከሆነ እንዲያስተካክሉት ጠይቁ፤ ቆስላ የምትሄድ በቅሎ መሀል መንገድ ላይ ትቆማለች። ጭነቱ በግራና በቀኝ እኩል ይሁን። ዳገት ላይ ተቀመጡ፣ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ላይ ግን ውረዱ። ቁልቁለት ላይ ኮርቻው ወደ አንገቷ ስለሚንሸራተት እሷም ትወድቃለች፣ እናንተም።

ደረጃ 5፦ ዕቃችሁን አዘጋጁ

ተንታ ላይ የምታጡትን ሁሉ ደሴ ላይ ጨርሱ። ለአንድ ሰው ይህን ያህል ይበቃል፦

- ከዚህ በፊት የተራመዳችሁበት፣ ሶሉ የሚቆነጥጥ ጫማ። አዲስ ጫማ ለመቅደላ አይመረቅም
- ሁለት ጥንድ ወፍራም ካልሲ
- ዱላ። ከዚያው ከአካባቢው ማግኘት ይቻላል
- 3 ሊትር ውሃ፣ እንዲሁም የውሃ ማከሚያ (ውኃ አጋር ወይም እንክብል)
- በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጥቂት ስኳርና ጨው
- ጋቢ ወይም የሌሊት ብርድ ልብስ፣ ኮፍያና ሹራብ
- የዝናብ ልብስ፣ ዕቃ መጠቅለያ ላስቲክ
- በግንባር የሚታሰር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ
- ፕላስተር፣ ፋሻ፣ ኦአርኤስ፣ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ከነትርፉ
- ነጠላ፣ ለቤተ ክርስቲያን
- ለምታድሩበት ቤት አንድ ኪሎ ቡናና ስኳር
- ዝርዝር ብር። ባለ 50 እና ባለ 100 ኖት ይሻላል፤ ገጠር ላይ መልስ የሚሰጣችሁ የለም

ስለ በሶ ልጨምር፦ እሳት አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል ወይም ይታሻል። ጾምም አይገድበውም። በቆርቆሮ የታሸገ ሥጋ ግን አትያዙ። ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ግቢ የሚኖርበት አገር ነው፤ ስንቅ ሲፈታ አብሮ መብላት ደንብ ስለሆነ፣ አብሯችሁ የሚጓዘው ሰው የማይቀምሰውን ይዞ መሄድ ማሳፈር ነው። ረቡዕና ዓርብ ከገጠማችሁም ጾሙን አስቡበት።

ደረጃ 6፦ ከተንታ በጠዋት ተነሱ

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መንገድ ግቡ። ከተንታ አንድ መንገድ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያዙ፤ እያረፈ፣ እያየ ለሚሄድ ሰው ከዚያም ይበልጣል። ዘግይታችሁ ከተነሳችሁ ዋናው ዳገት እኩለ ቀን ላይ ይጠብቃችኋል፤ ፀሐይዋ በዚህ ከፍታ ላይ ጥላ ሳትሰጥ ታቃጥላለች።

መንገዱ መጀመሪያ ደጋው ላይ ለጥ ብሎ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ሸለቆ ይወርዳል፣ በመጨረሻ አምባውን ይወጣል። ደጋው ላይ ስለሚቀልል ሰው ይሮጣል። እዚያ ቀስ በሉ። እያወራችሁ መራመድ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። አምባው ከባህር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ ከቆላ ወይም ከአዳማ አካባቢ የመጣ ሰው ራስ ምታትና ትንፋሽ ማጠር ሊሰማው ይችላል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ደሴ ወይም አጅባር አንድ ሌሊት ማደር ይረዳል፤ ሰውነታችሁ ቀጭኑን አየር ይለማመዳል።

ቁልቁለቱ ላይ ጉልበታችሁን በጥቂቱ አጠፍ አድርጋችሁ፣ እርምጃችሁን አሳጥራችሁ፣ ዱላውን ከፊታችሁ እየተከላችሁ ውረዱ። ሰው እግሩን የሚጎዳው ዳገት ላይ ይመስለዋል፤ ጉልበት የሚያልቀው ቁልቁለት ላይ ነው። ከጉዞው በፊት የእግር ጥፍራችሁን መቁረጥ አትርሱ፤ ጣታችሁ ከጫማው አፍ ጋር ሲጋጭ ቢውል ማታ ጥፍሩ ይጠቁራል።

ውሃ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ከምንጭ የምትቀዱትን ውሃ ምንም ጥርት ቢል አክሙት፤ ከላይ ከብት ይጠጣበታል።

ማስጠንቀቂያ፦ መንገድ ላይም ሆነ አምባው አካባቢ የምታዩትን ብረት አትንኩ። የድሮ ጥይት ወይም የመድፍ ስብርባሪ ሊመስላችሁ ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወሎን ስላዳረሰ ያልፈነዳ ነገር ሊሆንም ይችላል። ባላችሁበት ቁሙ፣ በመጣችሁበት ተመለሱ፣ ለመሪያችሁ ንገሩ።

ደረጃ 7፦ ቦታውን በቅደም ተከተል ተመልከቱ

አምባው ላይ እንደደረሳችሁ መጀመሪያ ደብዳቤውን ለቀበሌው አሳዩ፤ ዕቃችሁን አስቀምጡና ዕረፉ። ከዚያ መሪያችሁን ወደ እስላምጌ በኩል እንዲወስዳችሁ ጠይቁት። ለምን ከዚያ? የቦታው አቀማመጥ የሚገባው ከዚያ ስለሆነ ነው። ፋላና ሥላሴ የሚባሉት ሁለት ኮረብታዎች ይታያሉ፤ እስላምጌ በሥላሴና በአምባው መካከል ያለው ሜዳ ነው። ከፋላ በታች ደግሞ አሮጌ አለ፤ ሚያዝያ 3 ቀን 1860፣ በስቅለት ዕለት፣ ከእንግሊዞች ጋር ውጊያው የተደረገበት። ዳርዳሩን ከላይ ሆናችሁ ስታዩ መድፍ የት ቢቆም የቱን መንገድ እንደሚመታ ያለ አስረጂ ይገባችኋል።

ሴባስቶፖልን በእርጋታ እዩት። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራ፣ ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ የሚገመት መድፍ ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለው ምስሉ ነው፤ ዋናው ይህ ነው። ከደብረ ታቦር እዚህ ድረስ መንገድ እየተቆረጠለት፣ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ ወደ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። እናንተ በአንድ ጠዋት እየተነፈሳችሁ የወጣችሁትን ዳገት አስቡና እንደገና እዩት። ላዩ ላይ አትውጡ፣ ስማችሁን አትጫሩበት። አንዴ የተፋቀው አይመለስም።

የፈረሱ ቤቶችን መሠረት ለማግኘት ሦስት ምልክት ያዙ። አንደኛ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ወይም ሙሉ ክብ የሆነ ድንጋይ። የእርሻ ካብ የመሬቱን ጠመዝማዛ ይከተላል፣ ቤት ግን የራሱ ቅርጽ አለው። ሁለተኛ፣ ሳማ። ሳማ ሰውና ከብት በኖረበት፣ አመድና ፍግ በጠገበ መሬት ላይ ይወዳል፤ ሜዳ መሀል ብቻውን ተሰብስቦ ካያችሁ ቆም በሉ። ሦስተኛ፣ ጥላ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ምንም አይታይም፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወይም ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ በጎን ሲመጣ፣ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ መሠረት እንኳ ጥላ ይጥላል። አምባው ላይ እደሩ የምላችሁ ዋናው ምክንያት ይህ ነው። በቀን ደርሰው የሚመለሱ ሰዎች ሁሉ «ምንም የለም» ብለው የሚመለሱትም ለዚሁ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ገደሉ አጥር የለውም፤ ጫፉ ላይ ያለው ሣርም ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከጫፉ ሦስት ሜትር ራቁ፤ ለማየት ካስፈለገ በደረታችሁ ተኙና እዩ። ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ ፎቶ አትነሱ። በውጊያው ዋዜማ እስረኞች የተጣሉት እስላምጌ ካለው ገደል ነው፤ የአገሩ ሰው እዚያ ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ እናንተም ዝቅ አድርጉ።

ከመሬት ምንም አታንሱ፤ የሸክላ ስባሪም፣ ሚስማርም፣ ድንጋይም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ መውሰድ ያስጠይቃል። ከሕጉም በላይ፣ ከዚህ አምባ የተዘረፈው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ሄዷል። የቀረውን እንተውለት።

ደረጃ 8፦ አፈ ታሪኩን አስነግሩ

ብዙዎች «ስለ ቴዎድሮስ ንገሩን» ብለው ይጀምራሉ። ያኔ ሽማግሌው ከትምህርት ቤት መጽሐፍ የምታውቁትን መልሶ ይነግራችኋል፤ ምክንያቱም እንግዳ መስማት የሚፈልገው እሱን ነው ብሎ ያስባል። ይልቅ በቦታ ስም ጀምሩ፦ «ይቺ ጉብታ ማን ትባላለች? ለምን?» «ይህን ድንጋይ ማን አቆመው ይላሉ?» «አባትዎ ስለዚህ በር ምን ይሉ ነበር?» የቦታ ስም ታሪኩን ከነሥሩ ይዞ ይወጣል።

ሰዓቱን ቡና ላይ አድርጉት። ያመጣችሁትን ቡናና ስኳር ለእመቤቲቱ ስጡ፤ አቦል ላይ ሰላምታና የአገር ወሬ ነው፣ ቶና ላይ ነው ነገር የሚጀመረው። በረካን ሳትጠጡ አትነሱ። ሽማግሌውን እንደየአገባቡ «አባ» ወይም «ሼህ» በሉ፤ ግራ ከገባችሁ መሪያችሁ ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ሰምታችሁ ያንኑ ድገሙ። ድምፅ ለመቅዳት ፈቃድ ጠይቁ፤ ስልኩን ጎን አድርጋችሁ በስውር አትቅዱ።

ሁለት ሰው አንዱን ታሪክ በተለያየ መንገድ ቢነግራችሁ አታስታርቁ፣ አታርሙ። ማን እንደነገራችሁ፣ የት ሆኖ እንደነገራችሁ ጻፉና ሁለቱንም ያዙ። ስታወሩትም የተጻፈውን «ተጽፏል»፣ የተነገረውን «ይባላል» እያላችሁ ለዩ። ለምሳሌ የንጉሡ አስከሬን መጀመሪያ የተቀበረው እዚሁ መቅደላ ነው፤ በኋላ ቋራ ማኅበረ ሥላሴ ተወስዷል። ይህ የተጻፈ ነው። ከመቃብሩ ጋር ተያይዞ የምትሰሙት ሌላው ሁሉ ግን «ይባላል» ውስጥ ይግባ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስትገቡ ነጠላ ልበሱ፤ ወደ ውስጥ ለመግባትም ሆነ ፎቶ ለማንሳት ቄሱን አስፈቅዱ። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ ካሜራውን ከነጭራሹ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት።

ደረጃ 9፦ አዳራችሁን አሳምሩ

ማደሪያ በመሪያችሁና በቀበሌው በኩል ተነጋገሩ፤ ሆቴል አትጠብቁ። ድንኳን ከተከላችሁ ከገደሉ ራቅ ብላችሁ፣ ነፋሱን በጀርባ አድርጋችሁ፣ እርሻና መቃብር ያልሆነ ቦታ መሆኑን ጠይቃችሁ ትከሉ። ላብ የጠጣውን ልብስ ከመምሸቱ በፊት ቀይሩ፤ ሌሊት የሚያንቀጠቅጠው ብርዱ ብቻ ሳይሆን ርጥበቱም ነው። ስልካችሁን ጋቢው ውስጥ ይዛችሁት ተኙ፤ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል። ቆሻሻችሁን በላስቲክ ይዛችሁ ተመለሱ።

ደረጃ 10፦ ለመመለሻው ጉልበት አስቀሩ

ይህ መንገድ ከተራ ተራራ የሚለየው እዚህ ነው። ሌላ ተራራ ወጥታችሁ ስትጨርሱ የሚቀራችሁ መውረድ ብቻ ነው። ከመቅደላ ወደ ተንታ ስትመለሱ ግን ከአምባው ወርዳችሁ፣ ደክማችሁ፣ ከሸለቆው ደጋውን እንደገና ትወጣላችሁ። የውሃችሁንና የስንቃችሁን ግማሽ ለዚህ ዳገት አስቀሩ። ጠዋት የመሠረቶቹን ጥላ አይታችሁ ከ3 ሰዓት በፊት ተነሱ። ከእናንተ መሀል ጉልበቱ የሚያመው ካለ በመሄጃው ሳይሆን በመመለሻው በቅሎዋ ላይ ይቀመጥ።

በደላንታ በኩል ለምታስቡ

ከወገል ጤና የሚመጣው መንገድ እንግሊዞቹ የመጡበት አቅጣጫ ስለሆነ ብዙዎች ይመኙታል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ከደላንታ ደጋ እስከ በሽሎ ወንዝ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዳችሁ፣ ያንኑ ያህል መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ታቹ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ሌላ ነው፣ ወባም አለ፤ ውሃችሁን ወደ 5 ሊትር አሳድጉ፣ ወንዙ ዳር ካደራችሁ አጎበር ያዙ። በክረምትና ከበልግ ዝናብ በኋላ ወንዙን ለመሻገር አትሞክሩ፤ ላይ ዘንቦ ታች ፀሐይ ሆኖ ሳለ ደራሽ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ መንገድ ሁለት ሙሉ ቀን ለመሄጃ ብቻ ያዙ፤ መጀመሪያ በተንታ በኩል ሄዳችሁ እግራችሁን ፈትኑት።

ተንታ ስትገቡ የባለበቅሎውንና የመሪውን ሒሳብ እዚያው ጨርሱ፣ ለአጅባሩ ጽሕፈት ቤት መመለሳችሁን አሳውቁ፣ ለቤተሰብም ደውሉ። ኔትወርክ አምባው ላይ አስተማማኝ ስላልሆነ፣ ሁለት ቀን ድምፃችሁን ያልሰማ ሰው ይጠብቃችኋል።